ከራሱ ጀርባ የሸሸው ተከላካይ

ተንደር ቤይ፣ ካናዳ
ኦክቶበር 8 ቀን 1978

ለተከበሩ አክስቴ ለሳይሚ ኬምፓይነን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአምላክ ሰላም ባሕሩን ተሻግሮ ደጃፍዎ ድረስ ይድረስ እላለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔም፣ ባለቤቴ ኤልማም፣ ከሁሉም በላይ የልጅ ልጅዎ ታርሞም። ወገብዎ እንዴት ነው? ውሻዎ ሙስቲስ? ታርሞ ስለሷ ሳያወራ አይውልም።

አደራ ብለው የላኩልኝን ልጅ ተረክቤአለሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደጉት፣ አክስቴ! አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው ብል ማን ያምነኛል? የወጣት የበረዶ ሆኪ ቡድናችን ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ እንዲህ ያለ አጥቂ ግን አላየሁም። ፓኳ፣ ያቺ ጥቁር የጎማ ጠፍጣፋ፣ ገና ከሌላው ዱላ ሳትለቅ እሱ የምትሄድበት ቦታ ደርሶ ይጠብቃታል። በመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ጎል አገባ። ዋናው አሰልጣኝ ዳንካን፣ በሕይወቱ ሰው አመስግኖ የማያውቅ ሰውዬ፣ «ኦይቫ፣ ይሄን ከየት ሰረቅከው?» አለኝ። በሚመጣው በጋ ትልልቆቹ ክለቦች ወጣቶችን ሲመርጡ የእኛ ልጅ ስም ካልተጠራ እኔ ኦይቫ አይደለሁም!

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ታርሞ ከልምምድ ከመምጣቱ በፊት መምጣቱ ይሰማል። በረንዳው ላይ ቦቲውን ጠብ ጠብ አድርጎ ጭቃውን ያራግፋል፣ ቦርሳውን ዱብ ያደርጋል። ኤልማ «መጣልኝ!» ብላ ሮጣ ስትከፍት ሰው የለም። ሾርባው ፈላ ሲል ልጁ ራሱ ይመጣል፤ ያው ጠብ ጠብ፣ ያው ዱብ። መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፤ አሁን ለምዳው ትቀልድበታለች። በሩን ወለል አድርጋ ለባዶው በረንዳ «ግባ የኔ ልጅ፣ ግባ፣ ይበርድሃል» ትላለች። እኛ ልጅ አልወለድንም፤ ደስታዋን ባዩልኝ። ታርሞን ስጠይቀው «አያቴን ጠይቃት» ብሎ ይስቃል። ይኸው ጠየቅሁዎት።

አክባሪዎ፣ የአጎትዎ ልጅ ልጅ፣
ኦይቫ


ሂርቪላምፒ፣ ካይኑ
ኦክቶበር 30 ቀን 1978

ልጄ ኦይቫ፣

አንተንም ሚስትህንም ጌታ በበጎ ዓይኑ ይያችሁ። ወገቤ አለ፤ የትም አልሄደም። ሙስቲም አለች፤ አርጅታ እኔን መስላለች። ድንቼን አውጥቻለሁ፣ እንጨቴ ተፈልጧል፣ የጎደለኝ የለም። ገንዘብ እንዳትልክ፤ ስፈልግ ራሴ እነግርሃለሁ።

ስለ ልጁ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። አባቱን ሐይቅ ከበላው ጀምሮ በእጄ ያደገ ነውና ሲመሰገንልኝ ሆዴ ይባባል። ያንተ ወሬ ግን ጨው ይበዛዋል፤ እናትህም እንዲሁ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው።

አሁን ቁም ነገር። ኤልማ ያንን በር መክፈቷን ታቁም። ይህ ደብዳቤ በደረሰበት ሰዓት ታቁም።

አንተ ከዚህ የወጣኸው በስድስት ዓመትህ ነው፤ ብትረሳ አልፈርድብህም። በእኛ ቤት የሰው ድምፅ ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል። ቀዳሚው እንለዋለን። ክፋት የለውም፤ መንገድ ይጠርጋል፣ ድስት ጣዱ ይላል፣ በቃ። የታርሞ አባትም ነበረው። ሲሰማ ድስቱን ትጥዳለህ እንጂ አትከፍትለትም፣ አታናግረውም። ግባ የሚባለው ሰውየው ነው።

ለምን ትለኝ ይሆናል። ወንድሜን ኡርፖን ታስታውሰዋለህ? አታስታውሰውም፤ የሚያስታውሰውም የለም፤ ጉዱም እሱ ነው። ያገባት ልጅ የሌላ አገር ሰው ነበረች። ከእንጨት ቆረጣ ሲመለስ ቀዳሚው መጣ፣ እሷም ወጥታ «ግባ» አለችው። ኡርፖ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ማዕድ ላይ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፤ እኛ ግን ሰሃን ስናቀርብ የሱን እንረሳለን። ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ቆልፈውበት ይሄዳሉ። ማንንም ያስቀየመ ሰው አልነበረም። መኖሩ ብቻ ከሰው ልብ ወጣ። እናቴ ስትሞት ልጆቿን ስትመርቅ ስሙን ዘለለችው፤ እሱ ግን እግሯ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ለኤልማ ንገራት፤ ሳትቆጣት፣ ግን በደንብ ንገራት።

ሳይሚ


ተንደር ቤይ
ዲሴምበር 3 ቀን 1978

ውድ አክስቴ፣

ዛሬ ለገና መቃረቢያ የመጀመሪያዋን ሻማ አብርተናል፤ ብርሃኗ ለእርስዎም ይሁን።

ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ እኔም መልሱን አጓተትኩት። ይቆጡኝ። ኤልማ መኸሩን ሙሉ ስትከፍትና ግባ ስትል ነው የከረመችው። ሳነብላት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ «እኔ እኮ ለልጁ ብዬ ነው!» እያለች። ድምፁ ግን ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ቆሟል። አንድ ቀን እንደ ልማዷ «ግባ» ስትል በጎኗ የሞቀ ነገር አለፈ ነው የምትለው፤ ከዚያ ወዲያ በረንዳው ዝም አለ። እኔ የዚህ ቤት ጣውላ ሲሞቅም ሲበርድም ይንቋቋል ብያታለሁ። እርስዎም አይስጉ።

ይልቅ ዜና አለኝ፤ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም። ታርሞን ከአጥቂነት አንስተን ተከላካይ አደረግነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከኖቬምበር ጀምሮ መዘግየት አመጣ። ጉልበቱ ያው፣ ፍጥነቱ ያው፤ ፓኳ ጋ ሲደርስ ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይዘገያል። ዳንካን አበደ። «ይሄ ነው አጥቂህ? እሱ እስኪደርስ ፓኳ ምሳዋን በልታ ትሄዳለች!» ይለኛል። «ታሞ ይሆናል» እላለሁ፤ «እንግዲያው አልጋ ላይ ይተኛ፣ በረዶዬን አያሞቅብኝ» ይላል። ተጣላን፣ ተኮራረፍን። በመጨረሻ ልጁ ራሱ መጥቶ «አሰልጣኝ፣ ወደኋላ ልውረድ። ተከላካይ አድርጉኝ» አለ። ጎል የሚያገባ ልጅ ራሱ ጠይቆ ወደኋላ ሲወርድ አይተው ያውቃሉ? አንጀቴ አረረ።

ተከላካይ፣ አክስቴ፣ ፊቱን ወደሚመጣበት ሰው አዙሮ ወደኋላ ነው የሚንሸራተተው። አጥቂ የነበረ ልጅ መጀመሪያ ዳሌው አልዞር ይለዋል፣ እግሩ ይጠላለፍበታል፣ በቂጡ ቁጭ ይላል። ታርሞ ግን ከእናቱ ሆድ ወደኋላ እየተንሸራተተ የወጣ ነው የሚመስለው! የሚመጣውን አጥቂ በአንድ ዱላ ርቀት ጠብቆ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ግድግዳው ይወስደውና ፓኳን ይቀበለዋል። የሌላው ቡድን ልጆች «ከየት መጣ? እኔ አልሰማሁትም» ይባባላሉ። ዳንካን ዳግመኛ ፈገግ አለ። እኔም ልዋሽዎት አልችልም፤ ደስ ብሎኛል።

ኦይቫ


ሂርቪላምፒ
ዲሴምበር 27 ቀን 1978

ኦይቫ፣

የጌታ ልደት ሰላሙን ያብዛላችሁ። የላካችሁት ሹራብ ደርሷል፤ ኤልማን እግዚአብሔር ይስጣት፤ ይሰፋኛል፣ ግን ይሞቃል።

አልተቀየምኳችሁም፤ አታልቅሺ በላት። ሳታውቅ ያደረገችው ነው።

አንተን ግን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ስለ ዳንካን ሳቅ ጻፍክልኝ፣ ስለ ዳሌ ጻፍክልኝ። ልጁ ለምን ራሱ ጠየቀ? እሱን አልጻፍክም። ያ ልጅ ወደፊት እንጂ ወደኋላ የማያውቅ ነው። በአራት ዓመቱ ሐይቁ ላይ ፓክ እየነዳ ከዓይኔ ሲሰወር ዘላለም እየጮህኩ ነው ያሳደግሁት።

የሱም ደብዳቤ ደርሶኛል። ጽሕፈቱ የሱ ነው። ሌላ ጊዜ ፖስታው ሲገባ እያሸተተች ጅራቷን እስኪሰበር የምትቆላው ሙስቲ፣ አሁን ዞራም አላየችው። የማገዶ ቅርፊት ነው የመሰላት።

ለብቻው አድርገህ ጠይቀው። በረዶ ላይ ምን እንደሚያይ ጠይቀው። የሚልህንም እንዳለ ጻፍልኝ፤ አታሳምርልኝ።

ሳይሚ


ተንደር ቤይ
ጃንዋሪ 28 ቀን 1979

ውድ አክስቴ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እንዳዘዙኝ አላሳምርም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳውናውን አሙቄ ከታርሞ ጋር ሁለታችን ብቻ ገባን። እሱ ውሃ ጨልፎ የጋለው ድንጋይ ላይ ደፋው። እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈው፤ ሽሽ የሚለው ድምፅ ግን አልነበረም። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ እኔ ራሴ ደፋሁ፤ ድንጋዩ ጮኸ። እንደገና እሱ ደፋ፤ ዝም።

«ታርሞ፣ ለምን ተከላካይ ልሁን አልክ?» አልኩት።

«አጥቂ ስሆን ከፊቴ ሰው አለ፣ አጎቴ።»

«ይኖራላ! ተጋጣሚ ነው፤ ምንጣፍ እንዲያነጥፍልህ ፈለግህ?»

«ተጋጣሚ አይደለም። የእኛን ማልያ ነው የለበሰው። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር።»

አሥራ ዘጠኝ የራሱ ቁጥር ነው።

«ጀርባውን ብቻ ነው የማየው» አለኝ። «ፓኳ ጋ ቀድሞኝ ይደርሳል፣ ግን አይነካትም። እስክደርስ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ስደርስ ይሄዳል። አንድ ቀን ዞር ብሎ ያየኝ ይሆን እያልኩ እግሬ ይያዝብኛል።»

«ተከላካይ ስትሆንስ?»

«ወደኋላ ስለምሄድ እሱ ከጀርባዬ ይሆናል። አላየውም።» ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ከገና ወዲህ ደግሞ ከጀርባዬም ጠፍቷል። የሄደ መሰለኝ። ቀለል ብሎኛል» አለ።

አክስቴ፣ የቀለለው ልጁ ራሱ እንዳይሆን ፈራሁ። የበረዶ ጫማው በረዶው ላይ ድምፅ የለውም። ተከላካዮች ጥንድ ሆነው ነው የሚጫወቱት፤ «የኔ ናት!» «ያንተ ናት!» እየተባባሉ። ጥንዱ ዱኤይን፣ የገበሬ ልጅ፣ ጭምት ልጅ፣ መጥቶ «ከሱ ጋር አታሰልፉኝ፤ አፉ ሲከፈት አያለሁ፣ የምሰማው የለም። ብቻዬን የቆምኩ ነው የሚመስለኝ» አለን። ዳንካን ግን በደስታ ሊሞት ነው። «የማይሰማ ተከላካይ! ለዚህ ስንቱ ክለብ ይጋደላል!» ይላል። እውነቱንም ነው፤ መልማዮች ሁለት ጊዜ መጥተው አይተውታል። በጋ ላይ ይመረጣል፤ አሁን ተስፋ አይደለም፣ እርግጠኛ ነገር ነው።

ምን ላድርግ? ውድድሩ እስኪያልቅ፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ ልታገሥ ብዬ አስቤአለሁ። ከዚያ ወዲያ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

ኦይቫ


ሂርቪላምፒ
ማርች 20 ቀን 1979

ኦይቫ፣

ሰላምታዬን ለኤልማ ጨምረህ ተቀበል። ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ ነበር። እስከ ኤፕሪል ልታገሥ ትለኛለህ፤ ልጁ ድንች ነው እንዴ እስኪበስል የምትጠብቀው?

አሁን ግን ቁጣው ሁሉ ጠፍቶልኛል። መጥቷል።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ መሃረቤን ሳልፈታ በረንዳው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ዱብ አለ። ሙስቲ እንደ ቡችላ ዘላ በሩን ትቧጥጥ ጀመር። እኔም ልቤ ወለል ብሎ፣ ኦይቫ ሳይነግረኝ ልጄን ላከልኝ፣ ሊያስደስተኝ ነው ብዬ የዓሣ ሾርባ ጣድኩ። ሾርባው ፈላ፣ በረደ፣ ረጋ። ከኋላው የመጣ ሰው የለም።

ባሕሩን እንዴት ተሻገረ ብለህ አትጠይቀኝ። እናንተ ቤት ግባ ተባለ፣ ገባ፣ የሚያውቀው ሰው አጣ። ከልጁም ተቆረጠ። የሚያውቀውን ቤት ፈልጎ መጣ።

ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነው። ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ ጣውላው ሲጎብጥ እሰማለሁ። ቀን ቀን ከግንድ ክምሩ ጋ በዱላ ፓክ ይመታል፤ ጧ፣ ጧ፤ ልጅ ሆኖ እንደሚመታው። በረዶው ላይ ግን ፈለግ የለም። ጎረቤቴ «ልጅሽ መጣ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልከፈትኩም። ውጭ እስካለ ድረስ ተስፋ አለ፤ ልጁ ራሱ በእግሩ መጥቶ በዚያ በር ከገባ አብረው ይገባሉ። እኔ ከከፈትኩለት ግን ቤት አገኘ ማለት ነው፤ ልጁን አይጠብቀውም። ያኔ ታርሞ የኡርፖን ዕጣ አገኘ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ላከው። ክለቡ ይቅር፣ ምርጫው ይቅር። እኔ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ብቸኛ ሴት ነኝ፤ ያሳደግሁት ልጅ ድምፅ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ደጄ ላይ ይስላል። የምፈራው እሱን አይደለም፤ እጄን ነው።

ሳይሚ


ተንደር ቤይ
ሜይ 4 ቀን 1979

ውድ አክስቴ፣

አምላክ ጽናቱን ይስጥዎ። እኔን ምላሴን ይቁረጠው፤ ደብዳቤዎ በእጄ ገብቶ ሳለ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰናልና ሁለት ሳምንት ብቻ ብዬ አቆየሁት።

በዚያ ጨዋታ ከሦስቱ ክፍለ ጊዜያት በሁለተኛው ላይ የራሳችን በረኛ ከጎሉ ሲወጣ ታርሞን አልሰማውምና ተላተሙ። ታርሞ ወደቀ። ጨዋታው ቀጠለ። ዳንካን ተጫዋች ቀየረ፣ ክፍሉ አለቀ፣ ወደ ልብስ መቀየሪያ ገባን፣ ብርቱካን በላን። ስለ ሦስተኛው ክፍል ተከራከርን። አንድም ሰው ታርሞ የለም አላለም። አክስቴ፣ እኔም አላልኩም። ስንመለስ በረዶ የሚጠርገው መኪና ነጂ ወርዶ ቆሞ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለን። መሃል ሜዳ ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ሺህ ሰው የተቀመጠበት አዳራሽ ነው።

ቤት ስንመለስ ኤልማ ሁለት ሰሃን አቀረበች። እሱ ሳይናገር ተነስቶ ሦስተኛውን ራሱ አመጣ። «ለመድኩት» አለ። ኤልማ ያንን ስትሰማ የጮኸችው ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣም።

በማግስቱ ለዳንካን ልጁ አይመረጥም፣ ወደ አያቱ ይሄዳል አልኩት። «የትኛው ልጅ?» አለኝ። አልቀለደም።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሜይ 19 ይነሳል፣ 21 ከሰዓት በኋላ እርስዎ ደጃፍ ይደርሳል። ጓዙን ሲያስር «አያቴ ጋ ያለሁ ይመስለኛል፤ የዓሣ ሾርባ ይሸተኛል» ብሎ ፈገግ አለ፤ ስንት ጊዜው ነው ፈገግ ካለ። ግንባሬ ላይ ስሙን ጽፌ ነው የምዞረው ማለት ይቻላል፤ እንዳልረሳው በየሰዓቱ እጠራዋለሁ። እባክዎ፣ በሞቴ፣ እስከዚያ በሩን አይክፈቱ።

ኦይቫ


ሂርቪላምፒ
ሜይ 9 ቀን 1979

ኦይቫ፣

ሰላም ለቤትህ። ከማርቹ ደብዳቤዬ ወዲህ ያንተ ወሬ ጠፍቶብኛል፤ ይህን ሳትሰድበኝ አንብበው።

ዛሬ ጠዋት ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲስል አደረ፣ ጠዋትም ይስላል። ጆሮዬን በትራስ ደፈንኩ። ዳዊት ደገምኩ። ሙስቲ እያለቀሰች በሩ ሥር ተኛች። ሁለት ወር ያልተናገረው፣ «አያቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ።

ከፈትኩ። እኔ ኤልማን የገሰጽኩ ሴትዮ፣ እያወቅሁ፣ በገዛ እጄ ከፈትኩና «ግባ ልጄ» አልኩ። ፀጉሩ ርሶ ነበር። ፊቱን አየሁት፣ ኦይቫ፤ ያው ፊቱ ነው።

የሠራሁትን አውቃለሁ። ታርሞን ፈጥነህ ላከው፤ ምናልባት አልመሸም ይሆናል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ፖስታ ቤት ነገ አይከፈትም፤ ከነገ ወዲያ እልከዋለሁ።

ሜይ 11

ይህንን ሳልልክ ሁለት ቀን አለፈ፤ ከላይ የጻፍኩትን አሁን ሳነበው እንዲህ መጨነቄ ገረመኝ። ታርሞ ደህና ነው። ሁለቴ ጨምሮ በላ። ሳውና ገባን፣ ድንጋዩ እንዴት እንደጮኸ! ወደ ሐይቁ ወርዶ የቀረውን በረዶ አይቶ «ዘንድሮ አለቀ፤ ለከርሞ አጥቂ ነኝ፣ ማንም ወደኋላ አያወርደኝም» እያለ ይፎክራል። ከጎረቤቴ ልጆች ጋር ሲሳሳቅ ቤቱ ሞላልኝ።

ትኬት ቆርጠህ ከሆነ መልሰው። ልጁ እዚህ ነው፤ ማንን ትልክልኛለህ?

ብቻ እናንተ ቤት አንድ ተከላካይ ልጅ አለ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ዝምተኛ ነው ያልከኝ። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳስበው ግን አንጀቴን ይበላኛል። ሰው ካለው ወደ ሰዎቹ ስደደው።

ሳይሚ